ሜሶኖቹ፣ እሌኒና የሄኖክ ብራና

ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ ያዝ አድርጎ «እሌኒ» ያለ ሰው የሚወርደው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ከሐዲያም ከከምባታም ሕመምተኛ የሚመጣበት ይህ ሆስፒታል የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ይባላል። በዚያችው ከተማ ወጣቶች በስልካቸው ከሚቀባበሉት ወሬ አንዱ ደግሞ የፍሪሜሶን ወሬ ነው። ዓለምን ከመጋረጃ ጀርባ የሚያሽከረክሩ፣ ላሊበላን ሳይቀር ያነጹ፣ ጽላተ ሙሴን ፍለጋ ኢትዮጵያ ድረስ የዘለቁ ምስጢረኞች አሉ ይባላል። የሐዲያዋ ንግሥትና የአውሮፓው ማኅበር በእርግጥ በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ። ታሪኩ ግን ወሬው ከሚለው ይለያል፤ ከወሬውም ይልቅ የሚገርመው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ላስታ ውስጥ ሰዎች ከአለት ሆድ ቤተ ክርስቲያን ያወጡ ነበር። ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ እየደረበ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላሊበላ ጠራቢ ግን ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዴ የሳተውንም መልሶ አይለጥፈውም። ቤተ አማኑኤልን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግድግዳው በአግድም ገባ ወጣ እያለ እንደተጠረበ ያስተውላል። አክሱማውያን እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ ያቆሙት የነበረው ግድግዳ ነው በአለት ላይ የተቀዳው። ከላሊበላ ብዙም በማይርቀው ዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ እውነተኛውን እንጨትና ድንጋይ እስካሁን ያሳያል። የሙያው ዘር ከየት እንደሆነ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል።

በዚያው ዘመን ኢየሩሳሌም ውስጥ ቴምፕላር የሚባሉ የፈረንጅ መነኮሳት ወታደሮች ነበሩ። ማኅበራቸው በ1119 ተመሠረተ፤ በ1307 ጥቅምት ወር የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ ባንድ ቀን አስያዛቸው፤ በ1312 ፖፑ ማኅበሩን አፈረሰው። ፖርቱጋል ውስጥ ንብረታቸው በ1319 ለተመሠረተው «የክርስቶስ ማኅበር» ተላለፈ። ፍሪሜሶኖች ከቴምፕላሮች ወረዱ የሚለው ነገር ከዚህ በኋላ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደ አፈ ታሪክ ነው። ቴምፕላሮቹ ላሊበላ መጥተው ጠርበዋል የሚለው ደግሞ ከዚያም የዘገየ ነው፤ ተራው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

የፍሪሜሶን እውነተኛ አባቶች እጃቸው የሻከረ ሠራተኞች ናቸው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝና ስኮትላንድ ካቴድራል የሚገነቡ ድንጋይ ጠራቢዎች በሥራው ቦታ ዳስ እየጣሉ እዚያ ይጠርቡ፣ ይበሉ፣ ያርፉ ነበር። ደንባቸውን የያዘው ከሁሉ ጥንታዊው ጽሑፍ በ1390 ገደማ የተጻፈ ረጅም ግጥም ነው፤ ተለማማጁ ለጌታው እንዲታዘዝ፣ ጌታውም ለሠራተኛው ተገቢውን እንዲከፍል ያዛል። አንዱ ግንባታ ሲያልቅ ሌላ ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራሉ፤ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ ስኮትላንድ ውስጥ ሙያውን ጨርሶ የተማረ ብቻ የሚያውቀው የምስጢር ቃልና የእጅ አጨባበጥ አወጡ። እንግዳ ሰው መጥቶ «ጠራቢ ነኝ» ሲል በዚያ ይለዩታል። ዛሬ ሰይጣናዊ ምልክት የሚባለው ነገር ሲጀመር ደመወዝን ከአስመሳይ መጠበቂያ ነበር።

አውሮፓ በዚህ ላይ እያለች፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የሐዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ገባች። ስሟ እሌኒ ተባለ። ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 ሲሞት የእሷ ዘመን አላበቃም፤ ልጁ በእደ ማርያም እንደ እናቱ አከበራት፣ ከዚያ በኋላ የነገሡትም ምክሯን አልናቁም። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ መንግሥቱን የምትመራው እሷ ሆነች። ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያምን አሠርታለች፤ ሁለት የውዳሴ መጻሕፍትም ጽፋለች ይባላል።

እሌኒ በቀይ ባሕር ላይ የሚሆነውን በጥሞና ትከታተል ነበር። ፖርቱጋሎች ሕንድ መድረሳቸውን፣ መርከብና መድፍ እንዳላቸው ሰማች። ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ መልእክተኛ አድርጋ በ1509 ገደማ ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ላከች፤ ነገሩ ባጭሩ «እኛ በየብስ፣ እናንተ በባሕር» የሚል የጦር ቃል ኪዳን ነበር። ማቴዎስ በመንገዱ ላይ ሰላይ ነው ተብሎ ተጠረጠረ፣ ተንገላታ፤ ሊዝበን የገባው በ1514 ነው። መልሱን ይዞ የመጣው የመልእክተኞች ቡድን፣ ቄሱን ፍራንሲስኮ አልቫሬስን ጨምሮ፣ ምጽዋ የደረሰው በ1520 ነው። የእሌኒ መልእክት የከፈተው በር በ1541 ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማንና 400 ያህል ጠመንጃ ያዦችን አስገባ።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የምስጢር ወሬ ወዳዶች ፖርቱጋሎች የመጡት የቴምፕላሮች ወራሾች ስለሆኑና ጽላቱን ስለፈለጉ ነው ይላሉ። ፖርቱጋሎች የመጡት የሐዲያ ልጅ ስለጠራቻቸው ነው። ጥሪውም፣ መልእክተኛውም፣ የጦር ስሌቱም የእሷ ነበር።

በ1598 እና በ1599 የስኮትላንድ ንጉሥ የግንባታ ሹም ዊልያም ሾው ለጠራቢ ማኅበራት የተጻፈ ደንብ አወጣላቸው፤ የኤድንበራው ማኅበር ቃለ ጉባኤ ከ1599 ጀምሮ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ካቴድራል የሚያሠራ እየጠፋ ሲሄድ መዶሻ ጨብጠው የማያውቁ መኳንንትና ምሁራን አባል ሊሆኑ ገቡ፤ እንግሊዛዊው ኤልያስ አሽሞል በ1646 መግባቱን በማስታወሻው ጽፏል። ፋሲለደስም ጎንደር ላይ ግንቡን ያቆመው በዚያው ክፍለ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገሬ ዞር ማለት ግድ ይለኛል። ስኮትላንዳዊው ባላባት የጠራቢ ሽርጥ ታጥቆ ከሠራተኛ ጋር በአንድ ወለል ላይ ሊቆም ሲለምን፣ በሐዲያና በከምባታ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና እንጨት ጠራቢው ከሌላው ጋር አይጋባም፣ መሬት አይወርስም፣ ከጎረቤቱ ማዕድ አይቀርብም ነበር። የቤቱን ምሰሶ የጠረበለትን፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችለትን ሰው ደጃፍ ላይ አቁሞ የሚያነጋግር ኅብረተሰብ ነበርን። ዳፋው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ስኮትላንድም ቢሆን ጻድቅ አልነበረችም፤ ባላባቶቹ ገብተው ሲበዙ ጠራቢዎቹ ቀስ በቀስ ከገዛ ማኅበራቸው ተገፍተው ወጡ። ሽርጡ ቀረ፣ የለበሰው እጅ ተቀየረ።

በ1677 ኪልዊኒንግ የሚባለው ጥንታዊ ሎጅ፣ ማለትም የጠራቢዎች ማኅበር፣ ለኤድንበራ ካነንጌት ሰፈር አባላት ፈቃድ ሰጠ፤ ካነንጌት ኪልዊኒንግ የሚባለው ሎጅ ከዚያ ተነሣ። በ1717 ሰኔ 24 ቀን አራት የለንደን ሎጆች አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ መሠረቱ። በ1723 ጄምስ አንደርሰን የሚባል ቄስ ደንባቸውን አሳተመ፤ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ በጉባኤ መጨቃጨቅ ተከለከለ፣ ሴትና ባሪያ አይገባም ተባለ። በ1730 ደግሞ ሳሙኤል ፕሪቻርድ የሚባል ሰው የመግቢያውን ሥርዓት ከነጥያቄና መልሱ በመጽሐፍ ዘርግፎ ሸጠው። ምስጢሩ ታትሞ ገበያ ላይ ከዋለ 300 ዓመት ሊሞላው ነው።

የካነንጌት ሎጅ በ1736 የራሱን አዳራሽ አስመረቀ። ኤድንበራ ውስጥ ከሮያል ማይል ገባ ብሎ ቅዱስ ዮሐንስ ጎዳና ላይ ይገኛል፤ ለሜሶኖች ስብሰባ ተብለው ከተሠሩት መካከል በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። በዚያው ዓመት ኅዳር 30 ቀን የስኮትላንድ ታላቅ ሎጅ ሲቋቋም አለቃ ሆኖ የተመረጠው የሮዝሊኑ ዊልያም ሴንት ክሌር የዚሁ ሎጅ አባል ነበር። በ1757 የተሠራው ኦርጋን እስከ ዘመናችን ቆይቷል፤ ባለቅኔው ሮበርት በርንስም በ1787 እዚሁ ገብቷል። እንዲህ ያለ አዳራሽ የገባ ጎብኚ የሚያየው ነገር ብዙ አይደለም። አለቃው በምሥራቅ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ረዳቶቹ በምዕራብና በደቡብ፤ በመካከሉ ቅዱሱ መጽሐፍ ተዘርግቶ ማዕዘን መለኪያና ኮምፓስ በላዩ ይቀመጥበታል። በር ላይ ሰይፍ የያዘ ዘበኛ ይቆማል። አዲስ ገቢው ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ደረቱ በከፊል ተራቁቶ፣ አንድ ጫማው ወልቆ፣ አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ ይመጣል፤ በደረጃው ከፍ ሲል ደግሞ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ የሠራው ኪራም ምስጢሩን አልሰጥም ብሎ ሲገደል የሚያሳይ ትርኢት ይጫወታሉ። ሦስት ደረጃ ነው፦ ተለማማጅ፣ ባልደረባ፣ ጌታ። ከጉባኤው በኋላ ግብር ይበላል፣ ለሟች አባላት ባልቴቶችና ወላጅ አልባ ልጆች ገንዘብ ይዋጣል። ዕድርና ማኅበር ያለው፣ ሴራ በሚባለው ባህላዊ ደንብ የሚተዳደር የከምባታና የሐዲያ ሽማግሌ ይህን የመጨረሻውን ክፍል ቢያይ ግራ አይገባውም።

ነሐሴ 1 ቀን 1753 የ22 ዓመቱ ጄምስ ብሩስ፣ የኪኔርድ ባላባት ልጅ፣ ወደ ካነንጌት ኪልዊኒንግ ገባ። ከ16 ዓመት በኋላ ምጽዋ ወረደ።

ብሩስ ጎንደር የገባው የካቲት 14 ቀን 1770 ነው። አገሩ በራስ ሚካኤል ስሑል ጦርነት ይታመስ ነበር፤ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ በዙፋን ላይ የተቀመጠ ልጅ ነበር። ያዕቆብ እያሉ የሚጠሩት ይህ ቁመተ ረጅም እንግዳ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች አስታመመና የእቴጌ ምንትዋብን ቤት ሞገስ አገኘ። ኅዳር 4 ቀን ግሽ ዓባይ ደረሰ። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ እሱ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በኋላ በጻፈው መጽሐፉ የዓባይን ምንጭ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዲባል ሲል የባሉጋኒን አብሮ መኖር ደበቀ። ከእሱ 150 ዓመት ያህል በፊት ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እዚያው ቦታ መድረሱንም አላመነም። ቦታውን የጊዮን ምንጭ ያሉት የግሽ ሰዎች ግን ምንጩን ለማግኘት ማንንም አልጠበቁም።

ብሩስ ከጎንደር ሲወጣ ይዟቸው ከወጣው ከ20 በላይ የብራና መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥትና የመጽሐፈ ሄኖክ ሦስት ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን ሄኖክ በ1773 ለፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሰጠ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ቦድሊያን ገባ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ወሬው የሚንተራሰው በዚህ ነው። ሄኖክ በሜሶኖች አፈ ታሪክ ውስጥ አለ፤ አንደርሰን በ1723 መጽሐፉ የሄኖክን ዓምዶች ይጠቅሳል፣ ዕውቀትን ከጥፋት ውኃ ለማዳን አቆማቸው እየተባለ። እንግዲህ ሜሶኑ ብሩስ በሎጁ ተልኮ ሄኖክን ፍለጋ መጣ ይላሉ። ነገር ግን መጽሐፉን የአውሮፓ ሊቃውንት ከሎጆቹ ውጭ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈልጉት ቆይተዋል። ፈረንሳዊው ፔይረስክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሄኖክ ነው የተባለ የግዕዝ ብራና በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ነበር፤ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ አንብቦ ሄኖክ እንዳልሆነ አረጋገጠ። ሉዶልፍ ያንን ለማንበብ ያስቻለውን ትምህርት ያዳበረው ደግሞ በ1649 ሮም ላይ ካገኛቸው፣ በ1652 ጎታ ድረስ ከመጡለት ከአማራው ተወላጅ ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ባያስተምሩት አውሮፓ የሐሰቱን ሄኖክ እውነት ነው ብላ ስንት ጊዜ ትቆይ ነበር?

ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ተረፈ ማለት ደግሞ በየትውልዱ አንድ ሰው ተቀምጦ ገለበጠው ማለት ነው። የፍየሉን ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ወጥሮ በገመድ ጠፍሮ፣ ሥጋውንና ጸጉሩን ፍቆ፣ በድንጋይ አለስልሶ፣ በፀሐይ አድርቆ፤ ከዚያ በወስፌ ነቁጦ መስመር ያሰምራል። ጥላሸቱን ከተቆላ እህል ጋር ቀምሞ ጥቁሩን ቀለም ያበጃል፣ ቀዩን ለብቻው። መቃውን ቀርጾ፣ ጉልበቱ ላይ ደግፎ፣ ፊደል በፊደል ይጽፋል። አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳና የብዙ ወር ዕድሜ ይበላል። የዓለም መጻሕፍት የብሩስን ስም ያነሣሉ፤ ሄኖክን ከዚያ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ያቆየውን እጅ ግን ማንም አይጠራውም።

ብሩስ አገሩ ሲገባ ብዙዎች ዋሽቷል አሉት፤ በ1790 ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ፣ በ1794 ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ሪቻርድ ሎረንስ ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ በ1821 አወጣ። በ1952 ቁምራን ዋሻ ውስጥ የሄኖክ የአረማይክ ቁርጥራጮች ሲገኙ የግዕዙ ጽሑፍ ጥንታዊነት ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ።

የፍሪሜሶን ማኅበር በዚህ መካከል በዓለም ተበተነ። በ1775 ቦስተን ውስጥ ፕሪንስ ሆልና ሌሎች 14 ጥቁሮች በአንድ የአየርላንድ ወታደሮች ሎጅ በኩል ገቡ፣ ነጮቹ ሎጆች ስላልተቀበሏቸው በኋላ የራሳቸውን መሠረቱ። በ1776 ግንቦት 1 ቀን ባቫሪያ ውስጥ አዳም ቫይስሀውፕት የሚባል መምህር ኢሉሚናቲ የተባለውን ሌላ ማኅበር አቋቋመ፤ መንግሥት አሳድዶ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ አጠፋው። የዛሬ ወጣት ስልክ ላይ የሚዞረው ኢሉሚናቲ ከዚያ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው። ሎጆችን ካሳደዱት አንዱ ሙሶሊኒ ነው፤ በ1925 ባወጣው ሕግ ዘጋቸው፣ ከ10 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ወረረ።

እኛም ዘንድ ዓመታት ሄዱ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሠራተኛውን ሁሉ በሙያው መስደብ ይቅር የሚል ዐዋጅ አስነገሩ፤ ከዚያ በፊት ስንት ትውልድ ተሰድቦ እንዳለፈ ዐዋጁ ራሱ ያሳያል። በዚያው ዘመን ራስ አባተ ቧ ያለው ዋቸሞ በምትባለው ቦታ ላይ ከተሙ፣ ከተማዋም ሆሳዕና ተባለች። በ1920ዎቹ መጨረሻ የመጡት የውጭ ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲባረሩ ጥቂት አማኝ ትተው ሄዱ፤ ሲመለሱ በየመንደሩ የአገሩ ሰዎች ያቆሟቸው አብያተ ክርስቲያናት ጠበቋቸው። ይህንንም ቢሆን «ሚሲዮኖቹ ያቆሙት» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

በ1992 ብሪታኒያዊው ጋዜጠኛ ግራሃም ሃንኮክ ስለ ጽላተ ሙሴ በጻፈው መጽሐፍ ቴምፕላሮችን ወደ ላሊበላ አመጣቸው፣ ብሩስንም ጽላቱን የሚፈልግ ምስጢረኛ ሜሶን አደረገው። መጽሐፉ በብዙ አገር ተሸጠ፤ ዛሬ በአማርኛ ቪዲዮ የሚተረከው አብዛኛው ነገር ከእሱ የተቀዳ ነው። አንድ የቴምፕላር ሰነድ፣ ላስታ ላይ አንድ የቴምፕላር መዶሻ እንኳ አልተገኘም። ብሩስ ደግሞ ራሱ ጽላቱ በግራኝ ዘመን ከአክሱም ጽዮን ጋር ሳይጠፋ አልቀረም ብሎ ጽፏል፤ ይህ የእሱ ግምት ነው፣ ጽላቱን ሊወስድ የመጣ ሰው የሚጽፈው ግን አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ የሃንኮክ ግምት መሳሳቱ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ላሊበላን ፈረንጅ ሠራው፣ ሄኖክን ፈረንጅ አዳነው፣ ፖርቱጋሎችን የቴምፕላር ምስጢር አመጣቸው የሚለውን እንደ ጥልቅ ዕውቀት ሲቀበሉት ማየት ነው የሚያመኝ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወሬው ወደ ንግድ ወርዷል። «ኢሉሚናቲ ተቀላቀሉ፣ በሳምንት ሀብታም ትሆናላችሁ» የሚል መልእክት በቴሌግራምና በፌስቡክ ይመጣል፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ዓይን ተለጥፎበት፣ መመዝገቢያ የሚባል ገንዘብ ይጠየቅበታል። ሎጅ አባል የሚቀበልበት መንገድ ግን ይታወቃል። ሰውየው ራሱ ይጠይቃል፣ በአካል የሚያውቁት አባላት ያቀርቡታል፣ ጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል፣ ገብቶም መዋጮ ይከፍላል እንጂ ሀብት አይሰጠውም። ገንዘብ ላኩ የሚለውን መልእክት የሚጽፈው አጭበርባሪ ነው፤ የላከ ሰው ደረሰኙንና የስልክ ቁጥሩን ይዞ ቶሎ ለፖሊስ ማመልከት አለበት።